ከአሰብ የመጣችው ብርሌ

ልጅ ሳለሁ ባሕር ማለት ለእኔ ጣና ነበር፤ ጣናንም ቢሆን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ከላህ ወንዝ ማዶ ስለነበረ፣ ውሃ ሲባል የማውቀው ያንኑ ላህን፣ ከበላያችን ያለችውን ምንጭና በክረምት ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር በርሜል ተደቅኖ የሚጠራቀመውን ብቻ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሌላ፣ ቢቀምሱት የሚመርር፣ ወዲያ ማዶው የማይታይ፣ ጸጥ ባለ ጊዜ እንደተኛ ሰው የሚተነፍስ ውሃ መኖሩን የነገሩኝ አክስቴ እትየ የሺ ናቸው። በዚያ ውሃ ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ፍጥረት የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ቆሜ የምሄደው በእሷ ሰበብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እትየ የሺ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ወደ ቤታችን የመጡት አሰብ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በየመኪናው ተጭነው ወደየአገራቸው በሚመለሱበት ዘመን፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ጣል ሲል ነው። ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ ልብሳቸውን በአንዲት ነጠላ ቋጥረው ደጃችን ላይ ቆሙ። አባቴ ከበረት በኩል ሲመጡ አዩዋቸው። እትየ የሺ ዝቅ ብለው የወንድማቸውን ጉልበት ሳሙ፤ አባቴም ከትከሻቸው ደግፈው አነሷቸውና «ግቢ» አሏቸው። ከዚያ በላይ የተባለ ነገር አልነበረም። ያኔ ይህ ዝምታ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ኋላ ላይ ነው ከእናቴ አፍ ጥቂት ጥቂት እየለቀምሁ ነገሩን የደረስሁበት።

አያቴ ከሞቱ ወዲህ ለእትየ የሺ አባት የሆኗቸው አባቴ ነበሩ። ባልም የመረጡላቸው እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ተቀብለው፣ ቃል ሰጥተው፣ ቀን ቆርጠው ነበር። እትየ የሺ ግን ቡሬ ገበያ ላይ ያወቁትን ታደሰ የሚባል የጭነት መኪና ረዳት ተከትለው ሄዱ። ሁለቱ አሰብ ወርደው ጎጆ ቀለሱ፤ እሱ ወደብ ላይ ዕቃ ያወርዳል፣ እሳቸው ለወደቡ ሠራተኞች ምግብ እየሠሩ ይሸጣሉ። በሰው በሰው የሚልኩት ሰላምታ ሲደርስ አባቴ ሰምተው ዝም ይሉ ነበር። ከዓመታት በኋላ ታደሰ ታሞ መሞቱም በዚያው በሰው ወሬ ደረሰ። ወሬ ሆኖ ደረሰ እንጂ መርዶ ሆኖ አልተነገረም፤ ቤታችንም ለቅሶ አልተቀመጠም። እትየ የሺ ባላቸውን ብቻቸውን ቀብረው፣ ኋላም መቃብሩን ለባዕድ አፈር ትተው ነው የመጡት።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእህታቸው ከጓዳው ጎን መኝታ አሰናዱላቸው፤ ብርድ እንዳይመታቸው ጋቢ አስሠሩላቸው፤ ከማሳውም የበርበሬ መደብ ለይተው ሰጧቸው። አንድ ነገር ብቻ አላደረጉም። አልጠየቋቸውም። እንዴት ኖርሽ፣ ምን አየሽ፣ ባልሽ በምን ታመመ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። አሰብ የሚለው ስም በተነሣ ቁጥር ከብቶቹን ልይ ብለው ይወጣሉ፤ ከብቶቹም በእነዚያ ወራት በዓለም ላይ እንደ እነሱ የተጎበኘ ከብት አልነበረም።

አገራችን የበርበሬ አገር ነው። ቀጥሎ በመጣው ኅዳር ላይ፣ በርበሬው ተለቅሞ ግቢው ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ከጠለቀችበት ጀምሮ ራት እስኪደርስ ሁላችንም ክምሩን ከበን እንቀነጥስ ነበር። መቀንጠስ ማለት ከበርበሬው አናት ላይ ያለችውን ደረቅ እንጨት በጣት መንቀል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ጥቂት ከቆዩበት ጣት ይለበልባል፣ አፍንጫ ያስነጥሳል፣ በስሕተት ዓይኑን የነካ ልጅም እያለቀሰ ወደ ውሃ ይሮጣል። ምድጃው ላይ የግራር ጉማጅ ቀስ ብሎ ይጤሳል፤ ጢሱ ከበርበሬው ሽታ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይከረክራል፤ እናቴ ፍሙን ገለጥ እያደረገች ድንች ትቀብርልናለች፤ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ በነፋሱ ሲወዛወዝ ጥላችን ግድግዳው ላይ ይረዝማል፣ ያጥራል።

አንድ ማታ ታናሽ ወንድሜ በላይ ጣቱ ተለብልቦ ሲያለቅስ፣ እትየ የሺ እጁን ይዘው እፍ እፍ አሉለትና፣ ይኼስ ምንም አይደል፣ እኔን ባሕር ላይ የለበለበችኝን ባየህ አሉት። በላይ ልቅሶውን አቆመ። ማን ናት አለ። «ብርሌ» አሉት። እኛ ብርሌ የምናውቀው ጠጅ የሚጠጣበትን ነበርና ሣቅን። አባቴ የነገሩ አካሄድ ወደ አሰብ መሆኑን ዐውቀው ነው መሰለኝ ጋቢያቸውን አንሥተው ወጡ። እትየ የሺ ወንድማቸው በሩን እስኪዘጉ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

ስሙን ያወጡላት የወደቡ ሴቶች ናቸው። እትየ የሺ ጎሕ ሲቀድ ከጀልባ ዓሣ ሊገዙ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዱ ነበር፤ ባሕሩ በዚያ ሰዓት እንደ ተወለወለ ብረት ጸጥ ይላል። እዚያ ነው ያዩዋት። መጀመሪያ ሰው የጣለው መስተዋት መስሏቸው ነበር። ክብ ናት፤ ስፋቷ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ከምታክለው ጀምሮ የወጥ ሳህን እስከምታክለው ድረስ ነው። ሥጋዋ በውስጧ ያሳልፋል፤ ከበታቿ ያለው አሸዋ በእሷ በኩል ይታያል። መካከሏ ላይ ብቻ አራት ቀለበቶች አሏት፤ የበቅሎ ጫማ የመሰሉ፣ ወይን ጠጅ ቀለም የነካቸው፣ እንደ አበባ ቅጠል ጎን ለጎን የተቀመጡ። ዙሪያዋን ደግሞ እንደ ነጠላ ዘርፍ ያሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ከጠርዟ ይወርዳሉ። ከሆዷ ሥርም አራት ልል ልል ያሉ፣ እንደ ተቀደደ ሻሽ የተሸበሸቡ ክንዶች ይንጠለጠላሉ። አጥንት የላትም። ደም የላትም። ራስ የሚባል ነገርም የላትም።

እናቴ እዚህ ላይ እጇን ከበርበሬው አንሥታ አየቻቸው። ራስ የሌለው ነገር በምን ያስባል ብላ ጠየቀች። እትየ የሺም እሱን እኔም ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ አሉ። ኖራ ኖራ ሳትጨነቅ የምትሞት ፍጥረት ካለች እሷ ትሆናለች አሉ። እናቴ አላመነችም፤ ግን ድንቹን ስታወጣ ትልቁን ለእትየ የሺ ሰጠቻቸው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ብርሌን ሳንጠይቅ በርበሬ ቀንጥሰን አናውቅም። ምን ትበላለች? ዓይን የማያየውን ደቃቅ ነገር፤ ውሃው ይዞት ሲያልፍ በላይዋ ላይ ይጣበቃል፣ ወደ ጠርዟ ይሰበሰባል፣ በእነዚያ ክንዶቿ እየጠረገች ትወስደዋለች። አፏ የት ነው? ከሥሯ፣ መካከሉ ላይ። የበላችው በየት ይወጣል? በዚያው በገባበት። በላይ ይህን ሲሰማ ከሣቁ ብዛት በበርበሬ እጁ ዓይኑን አሽቶ ጉድ አደረገን። ትናከሳለች? አትናከስም፤ ክሮቿ ሲነኩ ግን እንደ በርበሬ ይለበልባሉ፣ ጥቂት ያሳክካል፣ በባሕሩ ውሃ ሲለቀለቅ ይተዋል። ብቻዋን ትኖራለች? አንዳንድ ቀን አንዲት ትታያለች፤ ነፋስ ከነዳቸው ደግሞ ወደቡ በእነሱ ይሞላና ጀልባው በመካከላቸው እየከፈለ ያልፋል። ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ አሸዋ ላይ የምትቀርም አለች፤ ያቺን ፀሐይ ካገኘቻት ውሃ ሆና ታልቃለች፤ የሚቀረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ስስ ነገር ነው።

ከሁሉም የምንወደው አካሄዷን ነበር። እትየ የሺ ለዚህ ቃል አይበቃኝም ይሉና ከኩራዙ ፊት እጃቸውን ያነሣሉ። ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው መዳፋቸውን ቀስ ብለው ይሰበስባሉ፤ ከዚያ ለቀቅ ያደርጉታል፤ እንደገና ይሰበስባሉ፣ ይለቃሉ። ጥላው ጭቃ ልስን ግድግዳችን ላይ ሲያርፍ ብርሌ ራሷ እዚያ የምትዋኝ ይመስለን ነበር። «አየሽ ሙሉ» ይሉኝ ነበር፣ «ባሕሩ ጉልበተኛ ነው፤ እሷ ግን አትታገለውም። ወሰድሁሽ ሲላት እሺ ትለዋለች። ብቻ ሰብሰብ፣ ለቀቅ፣ ሰብሰብ፣ ለቀቅ ትልና ከላይ ትሆናለች። ዝም ያለች ቀን ትሰምጣለች፤ የታገለች ቀን ደግሞ ትቀደዳለች።»

እንዴት እንዲህ አጥርተው ሊያዩዋት እንደቻሉ ጠየቅኋቸው። አንድ ሰው በጎድጓዳ ሳህን ከነውሃዋ ቀድቶ አምጥቶላቸው ነበር። እትየ የሺ ምጣዳቸውን ትተው፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃቸው፣ ያቺ ሳህን ላይ አጎንብሰው ሲያዩ አረፈዱ፤ ጣታቸውን ሰድደው የተለበለቡትም ያን ዕለት ነው። ከዚያም ያ ሰው ሳትሞት ብሎ ወደ ባሕሩ መልሶ አፈሰሳት። ማን ነው ሰውየው ብዬ ጠየቅሁ። እትየ የሺ ወደ በሩ አዩና፣ «አንድ ሰው ነው» አሉኝ።

ክረምት መጣ። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አባቴ እኔንና በላይን ጫማ ሊለኩልን፣ ለትምህርት ቤትም ደብተር ሊገዙልን ወደ ፍኖተ ሰላም ይዘውን ሄዱ። ስንሄድ ላህ ከጉልበቴ አይበልጥም ነበር፤ ድንጋዮቹን እየረገጥን ተሻገርን። ከቀትር በኋላ ስንመለስ በእኛ ላይ ሰማዩ ጠርቷል፤ ወንዙ በሚመጣበት በቋሪት በኩል ግን ጠቁሮ ይታያል። አባቴ ቆም ብለው ውሃውን አዩት። ደፍርሷል፣ ግን አልሞላም። በላይን አንገታቸው ላይ አስቀመጡት፤ በቀኝ እጃቸው እግሮቹን ያዙ፣ በግራቸው እኔን ያዙኝና ገባን።

መካከሉ ላይ ስንደርስ ነው ድምፁ የመጣው። ከባድ መኪና ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲመጣ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። አባቴ «ያዥኝ» አሉ። ከላይ ቡናማ ውሃ ግንድና ቁጥቋጦ ተሸክሞ ሲመጣ አየሁ፤ ወዲያው ወገቤን፣ ቀጥሎ ደረቴን መታኝ። እጄ በእጃቸው ውስጥ ነበር። የጣታቸውን ጉልበት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። በላይ ጮኸ፣ አባቴ አዘነበሉ፣ እጄ በጭቃ ተንሸራትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተሉን በደንብ አላውቀውም። ከውሃው በታች ነበርሁ፤ ጨለማ ነበር፤ አፌ አፈር ሞላ። ድንጋይ ልይዝ ስል ድንጋዩ መታኝ። እግሬን ወረወርሁ፣ እጄን ወረወርሁ፣ በታገልሁ ቁጥር ውሃው ገልብጦ ወደ ታች ሰደደኝ። አንድ ጊዜ ብቅ ብዬ ሰማይ አየሁ፣ አባቴ ስሜን ሲጠሩም ሰማሁ፤ እንደገና ሰጠምሁ። ያኔ ነው፣ ለምን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፣ የእትየ የሺ እጅ ጥላ ግድግዳችን ላይ ሲሰበሰብና ሲለቀቅ የታየኝ። የሚያድነኝ ነገር ነው ብዬ አላሰብሁም፤ የስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ አያስብም። እንዲያው መጣብኝ፣ ሰውነቴም ተከተለው። ላህን እሺ አልሁት። ክንዶቼን ለቀቅሁ፣ ወደ ጎኔ ሰበሰብሁ፣ ለቀቅሁ፣ ሰበሰብሁ። ፊቴ ወደ ሰማይ ተመለሰ። አየር አገኘሁ። ውሃው እየወሰደኝ ነበር፤ ግን ከላይ ሆኜ ነበር የሚወስደኝ።

ወንዙ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይታጠፍና ይሰፋል፤ የሞላ ጊዜ ዳር ያለውን የበቆሎ ማሳ ይለብሳል። እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ላላ። ጀርባዬ አንድ የሚለሰልስ ነገር ነካ፤ ያጎነበሰ የአኻያ ቅርንጫፍ ነበር። ያዝሁት። አባቴ በላይን ማዶ አውርደው፣ ዳር ዳሩን በእሾህና በጭቃ ሮጠው ሲደርሱ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥዬ ያን ቡናማ ውሃ እያስታወክሁ አገኙኝ። አንሥተው ደረታቸው ላይ ለጠፉኝ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ልብሴን አውልቃ ምድጃው ዳር በጋቢ ጠቀለለችኝ። እትየ የሺ እግሬን በቅቤ ያሹኝ ነበር። ኩራዙ ገና መብራቱ ነበር። አባቴ እንደ ወትሯቸው ወደ ከብቶቹ አልወጡም፤ ከእግሬ ሥር በርጩማ ስበው ተቀመጡና እንዴት እንደ ወጣሁ ጠየቁኝ። እኔም የሆነውን ነገርኋቸው። ብርሌ እንዳደረገችው አደረግሁ አልኋቸው። አባቴ አልገባቸውም። ብርሌ ማን ናት አሉ። በላይ ቀደመኝና ራስ የላትም፣ አጥንት የላትም፣ የበላችውም በአፏ ይወጣል ብሎ አንድም ሳያስቀር ዘረገፈላቸው፤ መዳፉንም ከኩራዙ ፊት አንሥቶ ሰብሰብ ለቀቅ እያደረገ አሳያቸው።

አባቴ የዚያችን ትንሽ እጅ ጥላ ግድግዳው ላይ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ።

«አንቺ የት አየሻት?»

እትየ የሺ አንገታቸውን ደፉ። «አሰብ ነው አያ» አሉ። አያ የሚሏቸው ታላቅ ወንድማቸው ስለሆኑ ነው።

«በቅርብ ነው ያየሻት?»

«አዎ። አንድ ሰው በሳህን ቀድቶ አምጥቶልኝ ነው።»

ፍሙ ሲፈርስ ሰማሁ። እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አባቴ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ታደሰ ነው» አሉ። መጠየቃቸውም አልነበረም፣ መንገራቸውም አልነበረም። ያ ስም በቤታችን ውስጥ ከአባቴ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

እትየ የሺ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱ። አባቴ ጠበቋቸው። ከዚያም በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «እስኪ ስለ እሱ ንገሪኝ የሺ» አሏቸው።

ራቱ ቀዘቀዘ። እትየ የሺ ተናገሩ። ታደሰ በሙቀት ወራት ከወደብ ሲመለስ እሳቸው ከምድጃ ዳር እንዲነሡ ማራገቢያውን ተቀብሎ እሳቱን እሱ ያነድድ እንደነበረ፣ የጎጃም ሰው ወደቡ ላይ ባየ ቁጥር የፍኖተ ሰላምን ዝናብ ጠይቆ መጥቶ ይነግራቸው እንደነበረ፣ አያ ይቅር ያሉን ቀን በግ ይዤ እገባለሁ እያለ ያልም እንደነበረ ተናገሩ። ያቺን ብርሌም ያመጣላቸው ቤተሰባቸው ናፍቋቸው ሲያለቅሱ ባደሩበት ማግስት ነው፤ የሚያሳያቸው ሌላ ነገር አጥቶ። የታመመው ሳንባውን ነበር። መጨረሻ ላይ የጠየቀው ውሃ ብቻ ነው አሉ። አባቴ አንድ ቃል አላቋረጧቸውም። እኔ ጋቢው ውስጥ ሆኜ እያዳመጥሁ ሳለ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሲያወሩ ነው የተውኋቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ወደ ደብሩ ሄደው ቄሱን አነጋገሩ፤ ግቢያችንም ዳስ ተጣለ። ቄሱ ለጸሎቱ የታደሰን የክርስትና ስም ሲጠይቁ ከእትየ የሺ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «ወልደ ሚካኤል» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ግራ ተጋብቶ ነበር። በቅርብ የሞተ ሰው መኖሩን የሰማ የለም። አንድ ሽማግሌ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው ማን ነው የሞተባችሁ ብለው ጠየቁ። አባቴ የለቅሶ ነጠላ ተከናንበው ነበር።

«አማቼ ነው» አሉ። «ልጄን ከውሃ ያወጣልኝ ሰው ነው።»

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። ከዚያ ሌላውም መጣ፣ ሌላውም፤ ዳሱ ሞላ። እትየ የሺ ከዚያ በፊት ባላቸውን በሰው መካከል አልቅሰውት አያውቁም ነበር፤ ያን ዕለት እናቴ ከጎናቸው ሆና እያቀፈቻቸው እንደ ልባቸው አለቀሱ። በማግስቱ ጠዋት ፊታቸው ወጣት ሆኖ ታየኝ።

አባቴ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። እኔ አሁን ቡሬ ከተማ አስተምራለሁ፤ እትየ የሺም አርጅተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ዋና ተማርሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ አልተማርሁም፤ ዛሬም የሞላ ወንዝ ድምፅ ስሰማ መንገዴን እቀይራለሁ። ባሕርም አላየሁም። ብርሌ በመጽሐፍ ጄሊፊሽ እንደምትባል ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። በቅርቡ ትልቋ ልጄ በስልኳ ፊልም አውጥታ ለእትየ የሺ አሳየቻቸው። ያቺ ክብ፣ ያቺ ባለ አራት ቀለበቷ ናት፤ ሰብሰብ፣ ለቀቅ ትላለች። እትየ የሺ መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ልጄ ደግሞ እሳቸው የማያውቁትን አነበበችላቸው፤ ስትወለድ ድንጋይ ላይ እንደ ትንሽ አበባ ተጣብቃ እንደምትኖር፣ ኋላም እንደተደራረበ ሳህን አንዱ ከአንዱ እየተላቀቀ በየራሱ ብርሌ ሆኖ እንደሚዋኝ። እትየ የሺ ተገርመው እንደገና አስነበቧት። ከዚያ ሣቅ አሉና፣ «ይኼን ታደሰ አልነገረኝም» አሉ።

ልጄም ታደሰ ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ታውቀዋለችና። ስሙ በቤታችን ውስጥ ለጉዳይ ወጣ እንዳለ ሰው ስም ይነሣል፤ ይህን ሊወድ ይችል ነበር፣ በዚህ ይሥቅ ነበር ይባላል። እኔ አይቼው አላውቅም፤ ፎቶግራፍም የለውም። ሚስቱ ከልቅሶ እንድትረሳ ብሎ አንድ ሳህን የባሕር ውሃ ይዞ አሸዋ ለአሸዋ ሲመጣ ግን በደንብ ይታየኛል፤ ውሃው እንዳይፈስበት ቀስ ብሎ እየረገጠ። ያን ጊዜ እኔ ገና አልተወለድሁም ነበር። ሰው ለማን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ስንት ነገር ያደርጋል እላለሁ። በዓመት በዓመቱ ለጸሎት ስም ስሰጥ ከአባቴ ስም ቀጥዬ ወልደ ሚካኤል ብዬ አስጽፈዋለሁ፤ ቄሱ ዝምድናችሁ ምንድን ነው ሲሉኝም፣ ከውሃ ያወጣኝ ሰው ነው ብዬ አባቴ ያን ዕለት ዳሱ ሥር ሆነው የመለሱትን እመልሳለሁ እንጂ ሌላ አልጨምርበትም።